ቦታውን የሳተው ካርድ

ሚጡ የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። በአራት ዓመቷ የወጣላት ቅጽል እስከ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ድረስ ተከትሏት መጥቶ፣ በምትሠራበት ሆስፒታል እንኳ ከመዝገብ ስሟ ይልቅ የሚታወቀው እሱ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ጂኦግራፊ ነው። ሥራ ያገኘችው ግን ካርድ ክፍል ነው። "ካርታ ተምራ ካርድ ላይ ቀረች" እያሉ ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ካርድ ክፍሉ ያለው በምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ በእሱ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የቆሙት መደርደሪያዎች የሃያና የሠላሳ ዓመት ካርድ ተሸክመው ጎብጠዋል። አየሩ ግማሹ የአሮጌ ወረቀት፣ ግማሹ ከግድግዳው ወዲያ የሚመጣ የሳሙና ሽታ ነው።

የዚህ ክፍል ንጉሥ ጋሼ ማህደር ነበሩ። ስማቸው አይደለም፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ካርድ ሲጠብቁ የወጣላቸው ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ የሸሚዛቸውን አንገት እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ሚጡ ሥራ የጀመረች ዕለት መሰላሉ ሥር አቁመው እንዲህ ሲሉ አስተማሯት።

"ስሚ ልጄ፤ ስህተትም መንገድ አለው። ካርድ ሲጠፋ አትደንግጪ። ስድስትና ዘጠኝ ተገላብጠው ይሆናል፤ እዚያ ሂጂ። አንድን ሰባት ብሎ ያነበበ ይኖራል፤ እዚያም ሂጂ። ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆም ይሆናል፤ ጎረቤቱን ጠይቂ። የሰው እጅ የሚሳሳተው በእነዚህ መንገዶች ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ካርድ ጠፍቶብኝ አያውቅም!"

እውነታቸውን ነበር። የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ሳይቀሩ "ከሐኪሙ በፊት ማህደርን አምናለሁ" ይሉ ነበር።

ሚጡ ካርድ ስታወጣና ስታስገባ ሰባት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ታዲያ በሆስፒታሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። በሌላ ሙያ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች በአሥራ ስድስት ወር ውስጥ በነርስነት የሚመረቁበት የተፋጠነ ትምህርት በነርሶች ትምህርት ቤት ተከፍቷል ይላል። ቦታው አርባ ነው። ሚጡ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከምሳ በኋላ ተመልሳ ሦስተኛ አነበበችው። አመልካች የትምህርት ማስረጃውን ካስገባ በኋላ አንድ ገጽ መጻፍ አለበት፤ ርእሱም "በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ያሳለፍኩት አንድ ቀን" የሚል ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ሚጡ ሰባት ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ስትሠራ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ያሳለፈችው አንድም ቀን አልነበራትም። ያላት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱም የማይወራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ካርድ አመላላሹ ፈቃድ ወጥቶ ሳለ፣ የአንድ ሽማግሌ ካርድ ይዛ ወደ ወንዶች ክፍል ወጥታ ነበር። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ጠያቂ ዘመድ አልነበራቸውም። እሷ በሩ ላይ ስትደርስ ከመጨረሻው አልጋ ላይ ሆነው አዩአትና እጃቸውን አነሡ። ነይ የሚሉ ይመስላል። ሚጡ እግሯ ከመሬቱ ጋር ተጣበቀ። ምን ይሉኝ ይሆን? ምን ላደርግላቸው ነው? ካርዱን በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ዞራ ወጣች። ስትወጣ ጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ባልዲያቸውን ይዘው አጠገቧ አልፈው ገቡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሽማግሌው አረፉ ተባለ። እትዬ በማግስቱ ምድር ቤቱን እየወለወሉ "እኔ ነበርኩ አጠገባቸው፤ እጃቸውን ይዤ ሸኘኋቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር" አሉ። ከዚያ ሌላ አልተናገሩም፤ ሚጡም ሌላ አልጠየቀችም።

ያንን ገጽ ለመጻፍ እቤቷ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ቀን መጀመሪያ እውነቱን ጻፈች። ሦስት መስመር ሆኖ አለቀ። ቀደደችው። ሁለተኛውን ስትጀምር ብዕሯ ከበሩ ላይ ተነሥቶ ወደ አልጋው ሄደ። "አጠገባቸው ተቀመጥኩ" አለ ብዕሩ። "እጃቸውን ያዝኩ። በጉንጫቸው ላይ እንባ ወረደ፤ ልጄ ተባረኪ አሉኝ።" ገጹ እስከ ታች ሞላ፤ አማረም። በልጅነቷ አማርኛ ያስተምሯት የነበሩ መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቁም ጽሕፈት ጽፈው፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያነበነበው ተረት ትዝ አላት፦ የሰው ወርቅ አያደምቅ። ያን ጊዜ ወርቅ የሚባለው የጆሮ ጉትቻ ብቻ ይመስላት ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተችው።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ከጠያቂዎቹ መካከል ሰብሳቢዋ ፀጉራቸው የሸበተ አንጋፋ ነርስ ናቸው። ገጹን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"አርባ ዓመት በዚህ ሙያ ስኖር" አሉ፣ "ከበር ላይ ተመልሶ የሚሄድ ብዙ አይቻለሁ። አንቺ ገባሽ።"

ሚጡ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ትሕትና መሰላቸው።

"ለሆስፒታልሽ አንድ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ የጻፍሽው እውነት መሆኑን እንዲያረጋግጡልን ነው። ለወጉ ያህል ነው፤ አትጨነቂ።"

ሚጡ የዚያን ዕለት ሌሊት አልተኛችም። ሰባት ዓመት በካርድ የኖረች ሴት፣ ሽማግሌው ካርድ እንዳላቸው እንዴት ረሳች? በማግስቱ ጋሼ ማህደር ሳይገቡ ገብታ ካርዱን አወጣችው። የተረኛዋ ነርስ ጽሕፈት ደቃቅና ግልጽ ነው፦ "ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል አርፈዋል። በአጠገባቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ነበሩ።"

ልትቀደው አስባ እጇ እምቢ አላት። ካርድ የሚቀድ የካርድ ሠራተኛ የለም። ስለዚህ ሌላ አደረገች። ጋሼ ማህደር የስህተትን መንገዶች ሁሉ ያውቃሉ፤ ተገላባጩን ቁጥር፣ አንድና ሰባቱን፣ ጎረቤቱን። ያስተማሯትን ትምህርት ገልብጣ፣ ማንም ተሳስቶ የማይደርስበትን ቦታ ፈለገች። ከክፍሉ መጨረሻ የሕፃናት መደርደሪያ አለ። የሰማንያ ዓመቱን ፖስተኛ የኩፍኝ ክትባት ሊወስዱ በመጡ ሕፃናት መካከል ሸሸገቻቸው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ውሳኔው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ በስልክ መልእክት ይደርሳችኋል ተብሏል። አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ዜና ሲይዙ በየፌርማታው ማራገፍ ይወዳሉ። ለጎረቤት ነገሩ፤ ለባለ ሱቁ ነገሩ፤ ለፀጉር አስተካካዩማ ሁለት ጊዜ ነገሩት። ማታ ማታ ሚጡ ጫማዋን ሳታወልቅ ይጠይቃሉ።

"ደረሰ?"

"አልደረሰም አባዬ።"

"ስልክሽ ይሠራል?"

"ይሠራል።"

"እስቲ ልደውልልሽ።" ይደውላሉ፤ እዚያው ፊታቸው ላይ ይጠራል። "ይሠራል" ይላሉ። "እንግዲህ እነሱ ናቸው የዘገዩት። ፀጉር አስተካካዩ ምን አለኝ መሰለሽ? መርፌ የምትወጋኝ እሷ ከሆነች ነገውኑ እታመማለሁ አለ።"

ሆስፒታሉም ከአባቷ አልተሻለም። "ሲስተር" እያሉ ይጠሯት ጀመር። ልብስ አጣቢዎቹ "ሲስተር፣ ወገቤን እይልኝ" ይሏታል። በሳቁ መሀል ጆሮዋ ሥር ይግላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የእትዬ ነበር። በየጠዋቱ ባልዲያቸውን በሩ ላይ አሳርፈው፣ በመወልወያው እንጨት ተደግፈው ይጠይቃሉ።

"መጣ?"

"አልመጣም እትዬ።"

"ይመጣል። ምን ያስቸኩለዋል? እኔ እንኳ በስተርጅና አንቺ ታክሚኛለሽ ብዬ በሽታዬን አቆይቼልሻለሁ።"

ሚጡ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ባይቀበሉኝ ብላ የምትመኝበት ቀን ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባይቀበሉኝስ ብላ ስልኳን ደጋግማ ታያለች። ሁለቱ ምኞቶች በአንድ ሆድ ውስጥ እንደ ሁለት ጣውንት ይኖሩ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት የትምህርት ቤቱ የማረጋገጫ ደብዳቤ ለሆስፒታሉ መጣ። ሜትሮኗ ራሳቸው ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ።

"ማህደር፣ የዚያን የፖስተኛውን ካርድ አውጣልኝ እስቲ።"

"ደቂቃ አይፈጅም" አሉ ጋሼ ማህደር።

አምስት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ቦታው ሄዱ፤ የለም። ቁጥሩን ገለበጡ፤ የለም። አንዱን ሰባት፣ ሰባቱን አንድ አደረጉ። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቁ አዩ። መሳቢያዎቹን ነቅለው ከሥራቸው በእጃቸው ዳበሱ። ሚጡም አብራ ፈለገች፤ ያለበትን ቦታ እያወቀች የሌለበትን ቦታ ፈለገች። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ማህደር መሰላሉ ላይ እንደቆሙ፣ የካርዱን ቁጥር የጻፉበትን ወረቀት ይዘው፣ ከወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠሯት።

"ልጄ፣ ይሄ ስድስት ነው ስምንት?"

"ስድስት ነው ጋሼ።"

"ስድስት ነው አይደል? እኔም ስድስት ነው ያልኩት።" ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። "ስምንትም ይመስላል ግን።"

አይመስልም ነበር። በአምስተኛው ቀን የሸሚዛቸው የላይኛው ቁልፍ ተከፍቶ ታየ። ለሜትሮኗ "ጠፍቷል" ሲሉ ቃሉን ከዚያ በፊት አፋቸው አውጥቶት ስለማያውቅ ሁለት ጊዜ ጀመሩት። ሜትሮኗም "ምን ታረገዋለህ፣ ሰው ያረጃል" ብለው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉና፣ ለትምህርት ቤቱ "ካርዱ ባይገኝም ሠራተኛዋን በመልካም ጠባይዋ እናውቃታለን" ብለው ፈረሙ። ሚጡ ይህን ሁሉ በመደርደሪያዎቹ መካከል ቆማ ሰማች። ሃያ እርምጃ ነበር የሕፃናቱ መደርደሪያ። አልሄደችም።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በአራት ሰዓት ላይ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተርገፈገፈ። "ማመልከቻዎ ተቀባይነት ያገኘ መሆኑን ስንገልጽ..." ይላል። ቀሪውን ከትከሻዋ በላይ ያነበበችው ከልብስ ማጠቢያ አንሶላ ይዛ የመጣች ሴት ናት፤ ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞላው። ሰዎች መጡ፤ አጨበጨቡ፤ ትከሻዋን ነቀነቋት። እትዬ ባልዲውን ጥለው በእርጥብ እጃቸው አቀፏት።

"አላልኩሽም! አላልኩሽም ነበር!"

ሰዉ ወደየሥራው ሲመለስ ጋሼ ማህደር ከመሰላሉ ቀስ ብለው ወረዱ። እትዬ የፈሰሰውን ውሃ እየጠረጉ ነበር።

"እንኳን ደስ አለሽ ልጄ" አሉ ጋሼ ማህደር፣ ከደረት ኪሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው። "እኔም እንግዲህ ዛሬ ይቺን ለሜትሮኗ ላስገባ ነው። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ዓይኑ የከዳው ሰው ካርድ ክፍል ምን ይሠራል? ነገ የሕያው ሰው ካርድ ባጠፋስ? ሰው እገላለሁ እኮ።"

"ጋሼ..."

"የለም፤ አታጽናኚኝ። ዓይኔን አውቀዋለሁ።"

ሚጡ ዞራ ሄደች። ከሕፃናቱ መካከል ካርዱን መዘዘችና መጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊታቸው አስቀመጠችው። ጋሼ ማህደር ቁጥሩን አዩ። ከዚያ የመጣችበትን መደርደሪያ አዩ።

"ስህተት እዚያ አይደርስም" አሉ።

"አይደርስም ጋሼ።"

"ታዲያ ማን..." አሉና አቋረጡ። ቀና ብለው አላዩአትም። ካርዱን አነሡት፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። "ስድስት ነው" አሉ ለራሳቸው። "ጥርት ያለ ስድስት። ዓይኔ ደህና ነው ማለት ነው።" ከዚያም ከፍተው የመጨረሻውን መስመር ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡት።

እትዬ ከወለሉ ቀና አሉ። "እኔ ነኛ። ምነው? ምን ችግር አለው?"

"እኔ ነበርኩ ብዬ ጻፍኩ፣ እትዬ" አለች ሚጡ። "ለትምህርት ቤቱ። እርስዎን ትቼ እኔ ብዬ።"

ከግድግዳው ወዲያ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ይሽከረከራል። እትዬ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጨመቁ፤ ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ ጨመቁ።

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?"

"እጃቸውን ያዝኩ... አለቀሱ... መረቁኝ ብዬ።"

"አላለቀሱም" አሉ እትዬ። ቁጣቸው ከዚህ ላይ ጀመረ። "ማን አለቀሱ አለሽ? ጫማዬን አድርጊልኝ ነው ያሉኝ። የፖስታ ቤቱን ጫማ፤ ከአልጋው ሥር የነበረውን። አደረግኩላቸው። የግራውን ክር አስሬ ወደ ቀኙ ስሄድ ትንፋሻቸው የለም። እጃቸውን የያዝኩት ከዚያ ኋላ ነው። ምርቃትም የለ፣ ምንም የለ። ሰውየው ኩሩ ሰው ነበሩ፤ ምነው ታስለቅሻቸዋለሽ?"

ሚጡ ስለ ስርቆቱ የሚሰደበውን ስድብ ሁሉ በልቧ አዘጋጅታ ነበር፤ ይህኛውን ግን አላሰበችውም። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። እትዬ ባልዲውን አንሥተው "ይለፉ" አሏት፣ እንደማያውቁት ባለጉዳይ። "ወለሉ እርጥብ ነው፤ እንዳያዳልጥዎት።"

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ሰብሳቢዋ ነገሩን እስከ መጨረሻ ሰሟት። መነጽራቸውን አላወለቁም።

"መልእክቱ ሳይደርስሽ በፊት ብትመጪ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር" አሉ። "ካርዱን መሸሸግሽ ነው የከበደኝ። ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። በሚመጣው ዓመት ማመልከት ትችያለሽ፤ አልከለክልሽም። ግን ፊትሽን የምረሳው አይመስለኝም።"

"በር ላይ የተመለስኩት እኔ ነኝ" አለች ሚጡ። ለምን እንዳለችው አላወቀችም።

"አሁን ገባኝ" አሉ ሴትዮዋ፤ በሩንም ራሳቸው ከፈቱላት።

አባቷ ሲነገራቸው ለረጅም ጊዜ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጥግ ሲያቃኑ ቆዩ። ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ለፀጉር አስተካካዩ ማን ይነግረዋል?" ሚጡ "እኔ" አለች። "ተይው" አሉ። ሳይነግሩት ሁለት ወር አለፈ፤ በእሱ ደጅ ላለማለፍ ዙሪያውን ይሄዱ ነበር። ፀጉራቸው አድጎ የኮታቸውን አንገት ሸፈነ። ሚጡ ያንን ፀጉር ባየች ቁጥር ዓይኗን ወደ ሳህኗ ትመልሳለች።

ጋሼ ማህደር ማመልከቻቸውን አላስገቡም። የሸሚዛቸውም ቁልፍ ተመልሶ ተቆለፈ። ሚጡን ለሜትሮኗ አልከሰሷትም፤ ካርዱ ተገኘ ብቻ አሉ። ሚጡ ግን ሳምንት ቆይታ ራሷ ሄዳ ተናገረች፤ ሜትሮኗም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ወደ ምድር ቤቷ መለሷት። ሲስተር የሚላት ቀረ። ጋሼ ማህደር እንደ ቀድሞው "ልጄ" ይሏታል፤ ሥራ ሲያበቃ ግን እሷ ኮቷን እስክትለብስ ጠብቀው፣ በዕለቱ ያስገባቻቸውን ካርዶች እየመዘዙ ቁጥራቸውን ያያሉ። አይደብቋትም፤ አያሳዩአትም። ሚጡ ደረጃውን ስትወጣ የካርዶቹን ሽክሽክታ እየሰማች ትወጣለች።

በሦስተኛው ወር ግድም አመላላሹ አሞት ቀረና ካርድ ይዛ ወደ ወንዶች ክፍል የምትወጣው እንደገና እሷ ሆነች። ነርሶቹ በአንድ አዲስ ሕመምተኛ ተጠምደዋል። በክፍሉ መሀል እትዬ ብቻቸውን አንድ ግዙፍ ሰውዬ በጎኑ አዙረው ይዘው፣ በሌላ እጃቸው ከሥሩ የረጠበውን አንሶላ ሊስቡ ይታገላሉ። ሚጡ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እግሯ የቀድሞውን ሊያደርግ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር።

"እዚያ ቆመው ምን ያያሉ?" አሉ እትዬ፣ ሳይዞሩ። "በወዲያ በኩል ይያዙልኝ።"

ሄደች። የት እንደሚያዝ አታውቅም፤ ትከሻውንና ዳሌውን ያዘች። ሰውየው እንደ ተወጋ ጮኸ።

"ውይ! ይቺ ደግሞ ማናት? እጇ በረዶ ነው!"

"ካርድ ክፍል ናት፤ ይቻሏት" አሉ እትዬ።

"ካርድ ክፍል? ካርዴን ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቅ አልነበርኩም እንዴ! ካርዱን ትተው በረዶውን ላኩልኝ?"

ከጎን አልጋ ያለው ሳቀ። ሚጡ ፊቷ እንደ ፍም ጋለ፤ እጇ ግን አልሞቀም። ከሰውየው ላይ አንሥታ ብብቷ ሥር ከተተችው፤ እዚያው አልጋው አጠገብ፣ ሰው ሁሉ እያያት ቆመች። እትዬ ያን ሁሉ ክብደት በአንድ ክንዳቸው እንደያዙ ይጠብቋታል።

"ሞቀ?"

"ትንሽ።"

"ይበቃል። ክንዴ ዛለ፤ ይያዙ።"

ያዘች።